ድጡን ከማጡ ያልለየ ሾፌር

«ይሄ መኪና የማያልፍበት መሬት የለም።»

ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ሾፌር ይለዋል፣ መኪና አከራይ ይለዋል፣ ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ የፕሮጀክት ኃላፊም ይለዋል። «መኪና» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ላንድክሩዘር ማለታቸው ነው። ላንድክሩዘር እኛ ዘንድ መጓጓዣ መሆኑ ቀርቶ ሃይማኖት ከሆነ ሰነባብቷል፤ ዶግማውም ሁለት ነው። መኪናው ጠንካራ ከሆነ መሬቱ አያሳስብም፤ ሾፌሩ ደፋር ከሆነ ደግሞ ነዳጅ ረግጦ ይወጣል። ሁለቱንም አላምንም። እምነቱን ያስተወኝ አንድ የመስከረም ቀን አለ፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ከራሳችን አፍ ልነሳ። «ከድጡ ወደ ማጡ» እንላለን። ኑሮ ሲከፋ፣ ሹም ሲለዋወጥ፣ ትዳር ሲናጋ እንለዋለን። ለኑሮ ስናውለው ኖረን አባባሉ ስለ መሬት መሆኑን ረሳነው። ድጥ ላዩ ያንሸራትታል እንጂ ሥሩ ጠጣር ነው፤ ትወድቃለህ፣ ትቆሽሻለህ፣ ትነሳለህ። ማጥ ግን ሥር የለውም፤ በረገጥከው ቁጥር ይውጥሃል። በእግሩ የሚሄድና በቅሎ የሚነዳ ሰው ሁለቱን በየስማቸው የጠራቸው ለየብቻ ስለሚጠነቀቅላቸው ነው። መሪ የጨበጠው የልጅ ልጁ ሁለቱንም «ጭቃ» ብሎ ይገላገላል።

ልዩነቱ ለጎማ ትልቅ ነገር ነው። ድጥ ላይ የሚፈለገው ላዩን ስስ ልባጥ ሰንጥቆ ጠጣሩን የሚነክስ ጎማ ነው፤ ጠበብ ያለ፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ፣ ከላዩም ነዳጅ ላይ የማይጣደፍ እግር ያለበት። ማጥ ላይ መሰንጠቅ ማለት መስጠም ነው። እዚያ የሚያዋጣው መንሳፈፍ ነው፤ የጎማውን ንፋስ ቀንሶ መሬት የሚነካውን ገጽ ማስፋት፣ አለዚያም ጨርሶ አለመግባት። እንግዲህ ሾፌሩ የትኛው ላይ እንደቆመ ሳያውቅ «እንዴት ልንዳ?» ብሎ ቢያስብ ምን ይፈይድለታል?

አሁን ትንሽ ሒሳብ ታገሱኝ። ሰውና ዕቃ ጭኖ 3 ቶን የሚመዝን ላንድክሩዘር እንውሰድ። አንዱ ጎማ 750 ኪሎ ይሸከማል። ጎሚስታው 35 ፒኤስአይ ከነፋው፣ ማለትም በካሬ ሴንቲሜትር ወደ 2.5 ኪሎ ገደማ፣ ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት 300 ካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። አንድ የተማሪ ደብተር ገጽ ማለት ነው። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ፣ አራት የደብተር ገጽ ላይ ነው የቆመው። ንፋሱን ወደ 18 ብትቀንሰው እያንዳንዱ ገጽ እጥፍ ይሆናል፤ የተከፈተ ደብተር በለው። የጎማው ገላ ግትርነት ስሌቱን ትንሽ ይለውጠዋል፣ መሠረቱን ግን አያናጋውም። የሞተሩ ጉልበት እዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ፎር ባይ ፎርም የለም። ፎር ባይ ፎር የሞተሩን ጉልበት ለአራት ጎማ ያካፍላል እንጂ መሬቱ ላይ ካረፈው ክብደት አንዲት ኪሎ አይቀንስም። መሬቱ ካልቻለ በሁለት ጎማ ትቆፍር የነበረውን በአራት ትቆፍራለህ።

የመሬቱን አቅም በቁጥር ለማወቅ የደከሙ ሰዎች አሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ በሚሲሲፒ ቪክስበርግ የሚገኘው የአሜሪካ ጦር የምርምር ጣቢያ ወታደር በእጁ አፈር ውስጥ የሚገፋው ዘንግ ይዞ ለዓመታት ሠርቷል። ጫፉ ሾጣጣ ነው፤ አፈሩ የሚያሳየውን እምቢታ በየጥልቀቱ ያነባል። ከዚያ ሥራ ውስጥ እኔን ከሁሉ የገረመኝ ዘንጉ ራሱ አይደለም፤ የት እንደሚነበብ ነው። ለአብዛኛው ባለ ጎማ ተሽከርካሪ ጉዳዩ የሚወሰነው ከ15 እስከ 30 ሴንቲሜትር ባለው ንብርብር ነው። በኛ መስፈሪያ፣ ስንዝር አካባቢ። ሾፌራችን በመስታወት አሻግሮ የሚያየው ላዩን ነው። ላዩ ደግሞ ይዋሻል።

«እኔ ወርጄ በእግሬ ረግጬ አያለሁ» የሚል ጠንቃቃ ሾፌር አለ፤ አመሰግነዋለሁ፣ ግን እሱንም ልሞግተው። ተረከዝ ጥሩ መለኪያ ነው። 70 ኪሎ ሰው በአንድ ተረከዙ ቢቆም፣ ተረከዙ 40 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን፣ በካሬ ሴንቲሜትር 1.75 ኪሎ ያህል ያሳርፋል፤ ከላይ ባልናቸው በሁለቱ የጎማ ንፋሶች መካከል ይውላል። ተረከዝህ ከሰመጠ ንፋሱ ያልተቀነሰ ጎማህም ይሰምጣል፤ ክርክር የለውም። ካልሰመጠ ግን ገና ግማሹን ነው ያወቅከው። ክብደት ወደ ታች የሚሰማው በሚያርፍበት ነገር ስፋት ልክ ነው። ጠባቡ ተረከዝ የሚያስጨንቀው አሥር ወይ አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ሰፊው ጎማ ከዚያ ሦስትና አራት እጥፍ ወርዶ ሥሩን ይነቀንቃል። ስለዚህ ላዩ የደረቀ፣ ሥሩ የላመ መሬት ሰውን አሳልፎ መኪናውን ያስቀራል። ተረከዙ መልካም ምስክር ነው፣ ያላየውን ግን አይመሰክርም። ዘንግ ወይም አካፋ ያስፈልጋል።

አፋር የሄደ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳኛል። የአሳሌ የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግቶ፣ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ዓይን የሚወጋ ሆኖ ሲታይ ከአዲስ አበባ አስፋልት የተሻለ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ እውነትም ነው፤ መኪና ይበርበታል። ግን እሱ መንገድ አይደለም፣ ክዳን ነው። ሥሩ ጨዋማ ውኃና ጭቃ አለ፤ ክዳኑ ደግሞ ሁሉ ቦታ እኩል ውፍረት የለውም። በተለይ ዳርና ዳሩ፣ ከተራራው የወረደ ጎርፍ ደለል ጥሎ የሄደበት፣ ከመሀሉ ይብሳል። እዚያ ጨው የሚቆርጠውና ግመል የሚነዳው የአፋር ሰው መስመሩን ጠብቆ የሚሄደው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። «ሜዳው ሰፊ ነው፣ ምን ያስጨንቃችኋል?» ብሎ ከመስመሩ የወጣው እንግዳ ግን ምሳውን ቆፍሮ ያገኛል።

ይህ የክዳን ነገር በምድር ብቻ የሚያታልል እንዳይመስላችሁ። ማርስ ላይ ከአምስት ዓመት በላይ የተንከላወሰችው ስፒሪት የተባለችው የአሜሪካ ተሽከርካሪ በ2009 እ.ኤ.አ. የቀረችው ገደል ገብታ ወይም ሞተሯ ነዶ አይደለም። ጠጣር የመሰለ ቅርፊት ሥሯ ተሰብሮ፣ ከቅርፊቱ በታች ያለው ልል አሸዋ ጎማዋን ያዘው። ስድስት ጎማ ነበራት፤ እርግጥ አንዱ ከ2006 ጀምሮ አይዞርም ነበር። ሾፌሮቿ ምድር ላይ ያሉ የዘርፉ ምርጥ መሐንዲሶች ናቸው፤ ወራት ሞክረው በጥር 2010 ባለችበት ትቅር አሉ። ያ ሁሉ ብልሃት ያለው ድርጅት በቅርፊት ከተታለለ፣ «እኔ ዓይኔ አይሳሳትም» የሚለው ሾፌር ምን ማስረጃ ይዞ ነው?

ወደ አገራችን ዋና ጉድ ልመለስ፤ ወደ ዋልካ። መረሬም በሉት። ይህ ጥቁር የሸክላ አፈር በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን የአፈር ባለሙያዎች ይገምታሉ፤ ከግማሽ በላዩ ደጋው ላይ ነው። በጋ ላይ ሲደርቅ የጥጃ እግር በሚውጥ ስንጥቅ ይሰነጣጠቃል፤ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሸክላው ግን ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ እየተንቆረቆረ ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ ላዩም ያን ያህል አይጨቀይም። ከዚያ አፈሩ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋል፤ የሚቀጥለው ዝናብ መግቢያ አጥቶ ላዩ ላይ ይተኛል። ስለዚህ «ባለፈው ሳምንት ዘንቦም አልፈን ነበር» የሚለው ክርክር ዋልካ ላይ ዋጋ የለውም። ያው ዝናብ በሰኔ መጀመሪያና በሐምሌ አጋማሽ አንድ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ግን ክረምት አይደለም። ክረምት ላይ ሞኝም ይፈራል። የሚያስፈራው መስከረም ነው። ፀሐይ ወጣች፣ አደይ ፈካ፣ ላዩ በሁለት ሦስት ቀን ግራጫ ሆኖ ደረቀ፤ ከስንዝር በታች ግን ገና ገንፎ ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ገበሬው የዘራውን ማየት ይበቃል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ለምንድን ነው? ዝናቡ ቆሞም አፈሩ ለወራት ውኃ ይዞ እንደሚቆይ ገበሬው ስለሚያውቅ ነው። አዲስ የበቀለ ሽምብራ ካየህ፣ ሥርህ ያለው መሬት እስከ ታኅሣሥ የሚያጠጣ ውኃ አቁሯል ማለት ነው። ሞረትና ጅሩ ውስጥ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ውኃው እንዲወርድ ጥቁሩን አፈር በእጃቸው እየኮለኮሉ መደብና ቦይ ያበጁለታል። ያን መደብና ቦይ አይቶ «እርሻ ነው» ብቻ ያለ ሾፌር ማስጠንቀቂያ አንብቦ እንዳላነበበ ነው። ቄጠማም እንደዚያው። ለቡና የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ከየት እንደሚታጨድ ያደገበት ሰው ሁሉ ያውቃል፤ መኪና ውስጥ ሲገባ ግን ይረሳዋል። ለምን እንደሚረሳው አሁንም ይገርመኛል።

አሁን ያን ቀን ልንገራችሁ። ፎገራ ሜዳ ላይ ነበርን፣ ከወረታ ብዙም ሳንርቅ፣ መስከረም ሊገባደድ ሲል። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ። ከፊታችን አረንጓዴ ሜዳ፣ ማዶው የምንሄድበት መንደር፣ ርቀቱ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሾፌራችን ጨዋና ልምድ ያለው ሰው ነው፤ የሚቸኩለው ከኋላ የተቀመጥነው ነበርን። ከብቶቹ ጠርገው ያወጡት መንገድ ከፊታችን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቀጥ ብሎ ይመጣና፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ያለ ምንም ምክንያት ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ትልቅ ግማሽ ክብ ሠርቶ እንደገና ቀጥ ይላል። እኔ ራሴ ነኝ «በቀጥታ እንቁረጥ» ያልኩት። ወደ አርባ ሜትር ሄድን። ከዚያ ቸርኬው አልታይ አለ፣ ሆዱ መሬት ነካ፣ ክሪኩን ብናቆምለት ክሪኩም ሰመጠ። ሃያ ሰው በገመድ ጎትቶ፣ ሲመሽ ወጣን። አንድ እረኛ ልጅ እግሩን እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ላሞቹ'ኮ እዚህ ጋ ወድደው አይደለም የሚዞሩት» አለኝ። ልጁ የነገረኝ ነገር አዲስ አልነበረም። መሬቱ ላይ ተጽፎ አይቼዋለሁ፤ ቁም ነገር አድርጌ አላነበብኩትም። ምክንያት የሌለው የመሰለኝ መታጠፍ ላም የምታውቀው ምክንያት ነበረው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ያበሳጨኛል። ያንን ልጅና የመንደሩን ሰው የምንፈልገው ለግፊያ ነው። ከሰጠምን በኋላ «እባካችሁ ወንድሞቼ» እንላለን፣ ገንዘብ እናወጣለን። ከመግባታችን በፊት መስኮት ዝቅ አድርጎ የሚጠይቅ ግን የለም። ቢጠየቅም አጠያየቁ ክፉ ነው፤ «ያልፋል?» ይባላል። የገጠር ሰው እንግዳን ማሳፈር አይወድምና «ያልፋል፣ ችግር የለም» ይላል። ደግሞ እሱ የሚያውቀው የራሱን እግርና የላሙን እግር ነው፤ የ3 ቶንን ጉዳይ ለምን ይወቅ? (ግፊያ ገቢ በሆነበት ቦታ መልሱ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፤ አልፎ አልፎ ነው፣ ግን አይቻለሁ።) መጠየቅ ያለበት እሱ የሚያውቀው ነገር ነው። ከብት ሰጥሞበት ያውቃል? መጨረሻ ያለፈው መኪና ምን ዓይነት ነበር፣ ከዝናቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ክረምት ላይ እናንተ በየት በኩል ትሄዳላችሁ? ለእንደዚህ ያለ ጥያቄ የሚዋሽ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ተከራካሪዎቼ ሁለት ጠንካራ መልስ አላቸው፤ ልዝለላቸው አልፈልግም።

አንደኛው «ከፊታችን የሄደው አልፏል» የሚለው ነው። ዓይን ያየው ማስረጃ ይመስላል። ደረቅ አሸዋ ወይም ጠጠር ላይ ቢሆን እቀበለዋለሁ። ሸክላ ላይ ግን የመጀመሪያው ጎማ አፈሩን ሲያልፍበት ያቦካዋል፤ የቦካ ሸክላ ደግሞ ካልተነካው ይደክማል። የቪክስበርጎቹ ተመራማሪዎች ለአንድ ጊዜ ማለፍና ለሃምሳ ጊዜ ማለፍ የተለያየ የመሬት ጥንካሬ የጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የአምስት መኪና ቅፍለት ሲሄድ የመጀመሪያው አለፈ ማለት አምስተኛው ያልፋል ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው የአምስተኛውን መሬት በልቶበት ሄዷል። ከባዱ መኪና በስተኋላ መሆኑን እያየ «ፊተኛው አለፈ» የሚል ቅፍለት መሪ ምን ይባላል?

ሁለተኛው «ፍጥነት ይዘህ ግባ» ነው። ይህ ባዶ ወሬ አይደለም። አጭር ልል ቦታ፣ ማዶው ጠጣር ከሆነ፣ በያዙት ግስጋሴ ይታለፋል፤ ልቅ አሸዋ ላይ ደግሞ መቆም ራሱ ኃጢአት ነው። ግን «አጭር» መሆኑን እንዴት አወቅህ? ማዶው ጠጣር መሆኑንስ? ሁለቱንም የሚያውቀው ወርዶ የሄደበት ብቻ ነው። ርዝመቱን ሳያውቅ የፈጠነ ሰው ፍጥነቱ የሚያተርፍለት ወደ መሀል መድረስን ነው፤ ሊጎትተው የሚመጣውም መኪና በዚያው ልክ ይርቃል።

በአሸዋ ከተከራከርን ደግሞ ራልፍ ባግኖልድን ላንሳ። ይህ እንግሊዛዊ መኮንን በ1930 እ.ኤ.አ. በግብፅ በረሃ ታላቁን የአሸዋ ባሕር የተሻገረው በፎርድ ሞዴል ኤ ነው፤ የኋላ ጎማው ብቻ በሚነዳ መኪና። በ1940 ያቋቋመው የረጅም ርቀት የበረሃ ቡድንም ሥራውን የጀመረው በአብዛኛው የኋላ ጎማቸው ብቻ በሚነዳ የሼቭሮሌት ጭነት መኪኖች ነው። መሣሪያቸው ምን ነበር? የጎማ ንፋስ መቀነስ፣ ጎማ ሥር የሚነጠፍ የብረት ጠፍጣፋና ሸራ፣ ከሁሉ በላይ ግን አሸዋን ማወቅ። ነፋስ የሚመታው የጉብታ ጀርባ ጠጣር፣ ከማዶ ነፋስ የሚደፋበት ፊት ልል መሆኑን ለይተው መሄድ። ባግኖልድ ስለ አሸዋና ነፋስ የጻፈው መጽሐፍ በ1941 ታትሞ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ዛሬ ያለን ላንድክሩዘር እሱ በሕልሙም ያላየው ነው፤ የጎደለን መኪና አይመስለኝም።

ብረት ብቻውን የትም እንደማያደርስ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ የባዶሊዮ ጦር በጭነት መኪና ተጭኖ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ እስከዚያ ዘመን አፍሪካ ውስጥ ከታየው ሁሉ ትልቁን የሞተር ሰልፍ ይዞ ነበር። አርበኞቻችን ጣርማ በር ላይ መንገዱን አፈረሱበት፤ የበልጉ ዝናብ ደግሞ የቀረውን አጨቀየለት። በሰው ጉልበት እየገፋና እየጎተተ ነው ሚያዝያ 27 የገባው። መድረሱን ደርሷል፤ ያን ያህል ሺህ ክንድ ስለነበረው። የመስክ ሠራተኛ ግን ሾፌርና ረዳት ይዞ ነው የሚወጣው።

እዚህ ላይ ሾፌሮችን ብቻ የወቀስኩ እንዳይመስል። ብዙ ሾፌር መሬቱን ያውቃል፤ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም» ብሎ ቆሞ ያውቃል። የሚያስገባው ከኋላው የተቀመጠው ነው፤ ፕሮግራም የያዘው፣ «ባለፈው እነ እገሌ አልፈዋል» የሚለው፣ የቆመውን ሾፌር ፈሪ የሚያደርገው። ተመልሶ የመጣ ሾፌር ነዳጅ አባክኗል ይባላል፤ ሰጥሞ ያደረ ግን «ችግር ገጥሞት» ነው፣ ውሎ አበሉም ይታሰብለታል። እንዲህ ባለ ሒሳብ ማን ይመለሳል? የመስክ ዕቅድ ስትጽፉ ለመመለስ የሚሆን ቀንና ነዳጅ ጻፉበት። የውል ወረቀቱ ላይ ከመኪናው ዓይነት ቀጥሎ «መሬቱን አይቶ አልገባም ያለ ሾፌር አይጠየቅም» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ከአዲስ ጎማ ይረክሳል።

እኔ ከፎገራ ከተመለስኩ በኋላ የአንድ ሕንፃ ሠራተኛ አሥር ቁጥር ፌሮ ቆርጦ ሰጠኝ፤ 80 ሴንቲሜትር ነው፣ ጫፉ ተስሏል፣ በስንዝሩ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ከክሪኩ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ሾፌሮች መጀመሪያ ሲያዩት ይስቃሉ፤ በጦር ነው የምንሄደው ይላሉ። ባለፈው በቾ ላይ፣ ዝናብ ባቆመ በአራተኛው ቀን፣ የሳቀው ሾፌር ራሱ ፌሮውን ከእጄ ተቀብሎ ሃያ ሜትር ያህል ወደ ፊት እየወጋ ሄደ። ቀዩ ቀለም ሦስት ቦታ ላይ ያለ ምንም ድካም ሰመጠ። ተመልሶ መጥቶ ምንም ሳይናገር መኪናውን ወደ ኋላ አዞረው።